36ቱን ወር ማን ይቆጥርልናል?

ባለፈው ሳምንት አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ፒኤምፒ ልፈተን ነው፤ ፎርሙን እንዴት እንደሞላሽው ላኪልኝ» ይላል። «የእኔ ፎርም ለአንተ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት። «ስም ቀይሬ ላስገባው ነዋ!» አለና የሚስቅ ኢሞጂ ላከ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ግን ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ተከዝኩ። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ያንኑ መልእክት ለሌላ ሰው የላክሁት እኔ ነበርኩና።

ለማታውቁት ላስረዳ። ፒኤምፒ «ፕሮጀክት ማኔጅመንት ፕሮፌሽናል» የሚለው አጭር ስም ነው። ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ፒኤምአይ የተባለ የሙያ ማኅበር ሲሆን ፈተናው ከ1984 ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቷል። ኤንጂኦ ውስጥ የሚሠራ፣ ኮንስትራክሽን ላይ ያለ፣ ባንክ አይቲ ክፍል የገባ፣ ወይም ዱባይ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ሲቪው ላይ ቢያስገባት ደስ የምትለው ነገር ናት።

ለመፈተን ግን ገንዘብ ብቻ አይበቃም። የአራት ዓመት ዲግሪ ያለው ሰው ባለፉት ስምንት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 36 ወር ፕሮጀክት የመራ መሆን አለበት። ሁለተኛ ደረጃ ብቻ የጨረሰ ደግሞ 60 ወር ይጠየቃል። በዚያ ላይ የ35 ሰዓት የፕሮጀክት አስተዳደር ሥልጠና አለ።

የዛሬው ወሬዬ ስለዚያ 36 ወር ነው። ብዙዎቻችን ፈተናው የሚጀምረው ኮምፒውተር ፊት ስንቀመጥ ይመስለናል። እኔ ግን የሚጀምረው ፎርሙ ላይ ነው ባይ ነኝ። ፈተናውን አልፈን ፎርሙ ላይ የወደቅን ሰዎችም አለን።

ሂሳቡ እንዲህ ነው

ግንቦት 2016 ላይ እቁብ ወጣልኝ። የፈተናው ክፍያ ለብዙ ዓመታት ለማኅበሩ አባል 405 ዶላር፣ አባል ላልሆነ ደግሞ 555 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። እኔ አባልነቱንና መለማመጃውን ደምሬ 550 ዶላር መደብኩ። ያኔ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። 31,350 ብር ማለት ነው። እቁቤ ይሸፍነዋል። በካርዷ የምትከፍልልኝ የአክስቴ ልጅም አሜሪካ አለች። ምን ቀረኝ?

ፎርሙ ቀረኝ። ሥልጠናውን ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ጨርሻለሁ። በመጨረሻው ቀን አሠልጣኙን «ወሩ ባይሞላስ?» ብዬ ጠየቅኩት። ላፕቶፑን እየዘጋ «ይሞላል። የማንም አልጎደለም» አለኝ። በግሩፑ ላይ ደግሞ ተሞልቶ ያለቀ ፎርም ይዘዋወር ነበር። የፕሮጀክቱን ስም ቀይሮ መላክ ብቻ ነው።

ማታ ደብተር ይዤ ቁጭ አልኩ። ሦስት ፕሮጀክት ላይ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው 9 ወር፣ ሁለተኛው 16 ወር፣ ሦስተኛው 12 ወር። ሲደመር 37። እሰይ! እንዲያውም አንድ ወር ተረፈኝ።

ጥፋቴ መመሪያውን ማንበቤ ነው። አንደኛ፣ የሚቆጠረው መምራት እንጂ መሳተፍ አይደለም። በ9 ወሩ ፕሮጀክት ላይ እኔ መጠይቅ ኮምፒውተር ውስጥ የማስገባ ልጅ ነበርኩ። የሻይ ሰዓት እንኳ ወስኜ አላውቅም። 37 የነበረው 28 ሆነ። ሁለተኛ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ፕሮጀክት ጎን ለጎን ብትመሩም ያ ወር የሚቆጠረው አንዴ ብቻ ነው። 16ቱና 12ቱ ደግሞ ለ6 ወር ተደራርበዋል። 28ቱ 22 ሆነ።

14 ወር ጎደለኝ።

«ያን ሌሊት የት ነበርሽ?»

ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ፎርሙ ላይ የሚመሰክርላችሁ ሰው ታስገባላችሁ። ማመልከቻው በዕጣ ለኦዲት ከተመረጠ ያ ሰው ፈርሞ ያረጋግጣል። እናም እኔ የመጀመሪያው ፕሮጀክት ላይ አለቃዬ ወደነበሩት ሰው ደወልኩ። የአባቴ እኩያ ናቸው። ቢሮ ውስጥ ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው።

«ጋሼ፣ ያ የመጀመሪያው ጥናት ላይ አስተባባሪ ነበረች ብለው ቢፈርሙልኝ ብዬ ነበር።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እፈርማለሁ ልጄ፣ ለአንቺ ምን ችግር አለው። ግን ያን ጊዜ መኪናው መንገድ ላይ ሲበላሽ፣ ልጆቹ አበል አልደረሰንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ ያን ሌሊት የት ነበርሽ?»

«ቢሮ... ማለቴ ቤቴ ነበርኩ።»

«አየሽ፣» አሉ፣ «ያን ሌሊት ሳይተኛ ያደረው ልጅ ነው የመራው።»

አልተቆጡኝም። ስለ እናቴ ጤና ጠይቀውኝ፣ መርቀውኝ ተለያየን። እኔ ግን ፎርሙን ዘጋሁት።

መዝጋቱ ዋጋ አስከፈለኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። በሳምንታት ውስጥ ዶላር 100 ብርን አለፈ። የጎደሉኝን 14 ወራት የዳታ መሰብሰቢያ ቡድን እየመራሁ ጨርሼ ስመለስ ከ130 ብር በላይ ገብቷል። በ130 እንኳ ብናሰላው ያ 31,350 ብር 71,500 ሆኗል። እውነቱን መጻፍ 40 ሺህ ብር አስወጣኝ። ኢኮኖሚክስ ተምሬ! እናቴ ይህን ስትሰማ «ያኔ ብትፈተኚው ምን ነበረበት?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

«ማን ይጎዳል?»

ይህን ታሪክ ለጓደኞቼ ስነግራቸው መልሳቸው አንድ ነው። «ሁሉም ያደርገዋል። ማን ይጎዳል?»

ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ክፍያው በዶላር ነው፤ ደመወዛችን በብር። ፈተናው በእንግሊዝኛና በሌሎች በርካታ ቋንቋዎች ይሰጣል፤ አማርኛ ግን የለበትም። ሥርዓቱ እኛን አስቦ አልተሠራም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ።

ግን አንድ የክፍል ትምህርት አስታወሰኝ። ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ሥራ ገበያ ምልክቶች የጻፈውና በኋላ በ2001 ኖቤል ያሸለመው ሐሳብ አለ። ቀጣሪ የሥራ ፈላጊውን ችሎታ በዓይኑ ሊያይ አይችልም፤ ስለዚህ ምልክት ይፈልጋል። ምልክቱ የሚሠራው ችሎታው የሌለው ሰው በቀላሉ ሊያገኘው ስለማይችል ነው። ማንም ኮፒ አድርጎ የሚያገኘው ምልክት ከሆነ ግን ቀጣሪው ነገ «የእነሱን ሰርተፍኬት ተወው» ይላል። ያኔ የሚጎዳው ኮፒ ያደረገው ልጅ ብቻ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ አቧራ ላይ ቡድን ስትመራ የኖረችው ልጅም አብራ ትታማለች።

ሌላም የሚጎዳ አለ። መርቶ የማያውቅ ሰው በወረቀቱ ምክንያት 20 ሰው፣ አንድ መኪናና የአንድ ወረዳ የውሃ ጉድጓድ ይሰጠዋል። የወረዳው ሰው 36ቱ ወር እውነት ይሁን ውሸት የሚያውቀው ውሃው ሲቀር ነው።

ደግሞም ማመልከቻውን ስናስገባ ለማኅበሩ የሥነ ምግባር ደንብ ተስማምተናል ብለን ነው። ደንቡ የቆመባቸው አራት እሴቶች ኃላፊነት፣ አክብሮት፣ ፍትሐዊነትና ሐቀኝነት ናቸው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ዋሽቶ ይህንን ለፈተና መሸምደድ ትንሽ ያስቃል።

ትምህርቱ ራሱ ምን ይላል?

በጣም የገረመኝ ፈተናው ራሱ የሚያስተምረው ይህንኑ መሆኑ ነው። ከቀመሮቹ መካከል «ኧርንድ ቫልዩ» የሚባል አለ። በአማርኛ በሥራ የተገኘ ዋጋ ብንለው ያስኬዳል። በምሳሌ ልንገራችሁ።

10 የመማሪያ ክፍሎች በ10 ወር ልትሠሩ ነው እንበል። አንዱ ክፍል 200 ሺህ ብር፣ ጠቅላላው 2 ሚሊዮን ብር። አምስት ወር ሆነ። በዕቅዱ መሠረት 5 ክፍል ማለቅ ነበረበት፤ ያለቀው ግን 4 ነው። የወጣው ገንዘብ 1 ሚሊዮን ብር ነው።

እኛ ሪፖርት ስንጽፍ ምን እንላለን? «ግማሹ ጊዜ አልፏል፣ ግማሹ በጀት ወጥቷል፣ ፕሮጀክቱ በዕቅዱ መሠረት እየሄደ ነው።» ይጨበጨባል። ኧርንድ ቫልዩ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ ያለቀው ሥራ ዋጋው ስንት ነው? 4 ክፍል በ200 ሺህ፣ 800 ሺህ ብር ነው። 800 ሺውን ለወጣው 1 ሚሊዮን ስናካፍለው 0.8 ይመጣል። ከአንድ በታች ከሆነ ለእያንዳንዱ ብር የ80 ሳንቲም ሥራ ብቻ እያገኛችሁ ነው ማለት ነው። መጠናቀቅ ለነበረበት 1 ሚሊዮንም ስናካፍለው ያው 0.8፤ ከጊዜው ወደኋላ ቀርታችኋል። በዚሁ ከቀጠለ 2 ሚሊዮኑን ለ0.8 አካፍሉት፣ ሥራው የሚያልቀው በ2.5 ሚሊዮን ብር ነው። የጎደለው ግማሽ ሚሊዮን ገና በአምስተኛው ወር ታየ።

ወሩ አለፈ፣ ገንዘቡ ወጣ ማለት ሥራው ተሠራ ማለት አይደለም። የእኔም 37 ወር እንደዚያ ነበር። ጊዜው አልፏል፣ በሥራ የተገኘው ግን 22 ነው።

እንዴት እናጥና?

እኔ ገና ጥር ላይ ነው የምፈተነው። ስለዚህ «እንዴት 100 እንዳመጣሁ» ብዬ አልሸጥላችሁም። እስካሁን የረዳኝን ብቻ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የፈተናውን የይዘት ዝርዝር ከማኅበሩ ድረገጽ አውርዱ፣ ነጻ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ዝርዝር ፈተናው 180 ጥያቄ በ230 ደቂቃ ነው። ሰዎችን መምራት 42 በመቶ፣ የሥራ ሂደት 50 በመቶ፣ የቀረው 8 በመቶ ስለ ድርጅቱና አካባቢው ነው። ግማሽ ያህሉ አስቀድሞ በታቀደ አካሄድ ላይ ሲሆን የቀረው አጃይል ወይም ድብልቅ ነው። ማኅበሩ ዝርዝሩንም ክፍያውንም በየጊዜው ስለሚቀይር ግሩፕ ላይ የሚዞረውን የድሮ ፒዲኤፍ አትመኑ።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱን ተለማመዱት። 230 ደቂቃ ለ180 ጥያቄ ሲካፈል ለአንዱ 77 ሰከንድ ያህል ይደርሰዋል። መሐል ላይ ሁለት የ10 ደቂቃ ዕረፍቶች አሉ፤ ዕረፍት ወጥታችሁ ስትመለሱ ግን ያለፉትን ጥያቄዎች ማየት አይቻልም። ቤት ሆኖ በኦንላይን መፈተን ይቻላል። መብራትና ኔትወርክ እንደምታውቁት ስለሆነ እኔ የፈተና ማዕከል መርጫለሁ።

ሦስተኛ፣ ቃላቱን በአማርኛ ለሰው አስረዱ። እኔ ለታናሽ ወንድሜ ነው የማስረዳው። «ሪስክ» እና «ኢሹ» ይምታቱብኝ ነበር፣ እኛ ሁለቱንም «ችግር» ብለን ስለምናልፋቸው። ለወንድሜ ሳስረዳው ተለየልኝ። ሪስክ ነገ ሊዘንብ ይችላል የሚለው ስጋት ነው፤ ኢሹ አሁን ጣሪያው እያፈሰሰ ነው። «ስኮፕ ክሪፕ» ደግሞ ሠርግ ነው። 200 ሰው ብለን ጀምረን፣ የአጎት ጎረቤት እንዴት ይቀራል እየተባለ 350 ይገባል፤ በጀቱን ግን ማንም አልነካውም።

አራተኛውና ዋናው፣ ጥያቄዎቹ የሚጠይቁት ትርጉም አይደለም። አብዛኞቹ ትንሽ ታሪክ ይነግሯችኋል፤ ከዚያ «ፕሮጀክት ማናጀሩ መጀመሪያ ምን ያድርግ?» ይላሉ። እዚህ ላይ ነው መሥሪያ ቤት ያደግንበት ጠባይ የሚጥለን። ሁለት የቡድን አባላት ተጣሉ ይላል ጥያቄው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን «ለበላይ ማሳወቅ» የሚለውን እመርጥ ነበር። ካልሆነ «የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ» የሚመስለውን። ሁለቱም ስህተት። መልሱ ብዙ ጊዜ ሰዎቹን ማነጋገር፣ የጠቡን ምክንያት መረዳት፣ ከዚያ አብሮ መፍታት ነው። ቆይ ቆይ፣ ይህማ ሽምግልና ነው! ሽማግሌ ሳይሰማ አይፈርድም። ቤታችን የምናውቀውን ነገር ቢሮ ስንገባ ትተነው፣ አሁን በዶላር ከፍለን እየተማርነው ነው።

የጥያቄ ዳምፕ ግን እርሱት። ሕገወጥነቱን ተውትና ገንዘብ ማባከን ነው። መልስ የሸመደደ ሰው ታሪኩ አንድ ቃል ሲቀየርበት ግራ ይጋባል።

ቀጣሪዎችም ስሙ

ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም። የሥራ ማስታወቂያ እያያችሁ ነው? «የሥራ ልምድ፣ 0 ዓመት። ፒኤምፒ ያለው ቅድሚያ ይሰጠዋል።» እንዴት ሆኖ? ሦስት ዓመት ሳይመሩ የማይገኝን ሰርተፍኬት ከዜሮ ዓመት ልጅ መጠየቅ ውሸት ይዘህ ና ማለት ነው። የሰው ኃይል ክፍሎች ይህን አንድ መስመር ቢያስተካክሉ ብዙ ፎርም ይድናል።

ለጀማሪ የሚሆን ሌላ ፈተናም አለ። ሲኤፒኤም ይባላል፤ ልጆቹ «ካፕም» ነው የሚሉት። የሥራ ልምድ አይጠይቅም። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ የ23 ሰዓት ሥልጠና የወሰደ ሰው ይፈተናል፤ 150 ጥያቄ በሦስት ሰዓት። ክፍያውም ይቀንሳል። «ትንሹ» ስለሆነ የሚያፍርበት ሰው አያለሁ። ከውሸት ትልቅ የእውነት ትንሽ ይሻላል።

በተቃራኒው ደግሞ ያላቸውን የማይቆጥሩ አሉ። «እኔ እኮ ማናጀር አይደለሁም» ይላሉ። ፎርሙ የሚጠይቀው የሠራችሁትን እንጂ የሹመታችሁን ስም አይደለም። ዕቅድ አውጥታችሁ፣ ሥራ አከፋፍላችሁ፣ በጀትና ጊዜ ተከታትላችሁ፣ ሲበላሽ የተጠራችሁት እናንተ ከሆናችሁ መርታችኋል፤ ደብዳቤው ላይ «ኦፊሰር» ቢልም። የራሳችሁን ሠርግ ማዘጋጀት ግን አይቆጠርም፤ የሙያ ሥራ መሆን አለበት።

ለጓደኛዬ የላክሁለት

ለዚያ ጓደኛዬ ፎርሜን አልላክሁለትም። ደብተሬ ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርኩና ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። የመጀመሪያው «ፕሮጀክቱ»፣ ሁለተኛው «ከመቼ እስከ መቼ»፣ ሦስተኛው «ያን ሌሊት የት ነበርኩ?» ይላል። «ቁጠርና ንገረኝ» አልኩት።

ሁለት ቀን አይቶ ዝም አለኝ። ተቀይሞኛል ብዬ ነበር። እኔም በበኩሌ በሙከራ ፈተና ከ100 71 አግኝቼ ተናድጄ ቁጭ ብያለሁ። ጥር ላይ ልወድቅ እችላለሁ። ብወድቅ ግን የምወድቀው የእኔ በሆነ 36 ወር ነው፤ ማኅበሩ ማመልከቻዬን አንዴ ከተቀበለ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ሦስት ጊዜ መሞከር ስለሚቻል ተነስቼ እሞክራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ማታ መልስ መጣ። የሚስቅ ኢሞጂ የለውም።

«19 ሆነ። ካፕም ስንት ሰዓት ሥልጠና ነው ያልሽኝ?»